133 ከ1000 ሲበልጥ፡- ፍጥነት የሚገዛ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ስሌት

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ በሸማኔዎቹና በባህል ልብስ መደብሮቹ ይታወቃል። የልብስ ገበያ ያለ ፎቶግራፍና ቪዲዮ መካሄዱ እየቀረ ሲመጣ ግን፣ እንዲህ ባለው ሰፈር የሚነግድ ሰው ወጪ ውስጥ ከድርና ማግ ሌላ ኬብል፣ ስዊችና ሃርድ ዲስክም ገብተዋል። ችግሩ የእነዚህ ዕቃዎች ፍጥነት በአንድ መለኪያ አለመጻፉ ነው። በዚህም ሳቢያ ገዢው ያላስፈለገውን ገዝቶ የሚያስፈልገውን ሳይገዛ ሊቀር ይችላል።

ቢትና ባይት

የኔትወርክ ፍጥነት የሚነገረው በሴኮንድ በሚያልፈው ሜጋቢት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የቋሚ መስመር ኢንተርኔት የሚሸጠውም በዚሁ መለኪያ ነው። የፋይል መጠን ግን የሚቆጠረው በሜጋባይት ሲሆን፣ 1 ባይት 8 ቢት ይይዛል። በመሆኑም ባለ 100 ሜጋቢት ኔትወርክ ቢበዛ በሴኮንድ 12.5 ሜጋባይት፣ ባለ 1000 ሜጋቢቱ ደግሞ 125 ሜጋባይት ያሳልፋል ማለት ነው።

በአንጻሩ ሃርድ ዲስክን በጠፍጣፋ ኬብል ከኮምፒዩተሩ ቦርድ ጋር የሚያገናኘው የቀድሞው አይዲኢ ፍጥነቱ የተጻፈው በሜጋባይት ነው። የመጨረሻው ትውልድ 133 ይላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አይዲኢው «133» ከኔትወርኩ «1000» ይበልጣል። ዩኤስቢ 2.0 ደግሞ 480 ቢባልም ቁጥሩ በሜጋቢት በመሆኑ ለ8 ሲካፈል 60 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። አይዲኢን የተካው ሳታ በመጀመሪያው ትውልድ 1500 ሜጋቢት ተብሎ ነው የወጣው። እዚህ ላይ ግን የሚካፈለው ለ10 ነው፤ ከየ10ሩ ቢት 2ቱ መስመሩን ለመቆጣጠር ስለሚውሉ የሚቀረው 150 ሜጋባይት ነው።

የተጻፈውና የሚገኘው

ካርቶን ላይ የተጻፈው የመንገዱ ስፋት እንጂ የሚያልፈው ጭነት አይደለም። የአይዲኢ መስመር 133 ቢያሳልፍም፣ በዚያ ዘመን የተሠራ ዲስክ ራሱ ከሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚያነበው በሴኮንድ ከ50 እስከ 60 ሜጋባይት ያህል ነው። ዩኤስቢ 2.0 በሥራ ላይ ከ30 እስከ 40፣ ባለ 100 ኔትወርክ 11 ያህል፣ ባለ 1000 ኔትወርክ ደግሞ 110 ያህል ሜጋባይት ይሰጣሉ።

ለምሳሌ 100 ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ ያለው ነጋዴ በየመንገዱ የሚጠብቀው ጊዜ በግምት የሚከተለውን ይመስላል፡-

- በባለ 100 ሜጋቢት ኔትወርክ፡ 2 ሰዓት ተኩል
- በዩኤስቢ 2.0፡ 48 ደቂቃ
- ከቆየ የአይዲኢ ዲስክ በቀጥታ፡ 33 ደቂቃ
- በባለ 1000 ሜጋቢት ኔትወርክ፡ 15 ደቂቃ

የመጨረሻው ቁጥር የሚገኘው ግን በሁለቱም ጫፍ ያሉት ዲስኮች ከኔትወርኩ እኩል መሄድ ሲችሉ ነው። ፈታይዋ ማጉን ካላደረሰች ሸማኔው መወርወሪያውን ቢያፈጥን ጨርቁ አይረዝምም። እንደዚሁም በአንደኛው ኮምፒዩተር ውስጥ የቆየ ዲስክ ካለ ባለ 1000 ስዊች ተገዝቶም ሥራው ከ33 ደቂቃ አይወርድም። ትርፉ ግማሽ ኔትወርክ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ነው።

ነገሩ ዱሮ የተገላቢጦሽ ነበር። ኔትወርክ በ10 ሜጋቢት፣ ማለትም በ1.25 ሜጋባይት በሚሄድበት ዘመን ዲስኩ ኔትወርኩን ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ባለ 100ው፣ በ1999 ደግሞ በመዳብ ሽቦ የሚሠራው ባለ 1000 ደረጃ ከወጣ በኋላ ግን የቆየው ዲስክ ወደ ኋላ ቀረ። «ኔትወርክ ሁልጊዜ ቀርፋፋ ነው» የሚለው ምክር ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

ከመግዛት በፊት

የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ትልቅ ፋይል ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ ጊዜውን መቁጠር፣ ከዚያም ሜጋባይቱን ለሴኮንዱ ማካፈል ነው። ውጤቱ 11 አካባቢ ከሆነ የሚያንቀው ኔትወርኩ ነው፤ ስዊች መለወጥ ይጠቅማል። ከ50 እስከ 60 ከሆነ ገንዘቡ ለዲስክ ይውላል። በዩኤስቢ በሚገናኝ ዲስክ ሲገለበጥ ከ30 እስከ 40 ከተገኘ ደግሞ የሚለወጠው ዩኤስቢው ነው።

ኬብሉም መታየት አለበት። ባለ 100ው የሚሠራው በ2 ጥንድ ሽቦ ሲሆን ባለ 1000ው 4ቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ከ8ቱ ሽቦዎች አንዷ ስትበጠስ መስመሩ ሳይቋረጥ ወደ 100 ሊወርድ ስለሚችል ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። ካት 5ኢ የተባለው ኬብል ለዚህ ይበቃል፤ ርዝመቱ ግን ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም።

ኮምፒዩተሩን ለኢንተርኔትና ለደረሰኝ ማተሚያ ብቻ የሚጠቀም ሱቅ፣ የገዛው የኢንተርኔት መስመር ለምሳሌ 10 ሜጋቢት ከሆነ፣ ባለ 100 ኔትወርኩ ከበቂው 10 እጥፍ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሱቅ ባለ 1000 ስዊች መግዛት ኢንተርኔቱን በአንድ ሜጋቢት እንኳ አያፈጥነውም። ያ ገንዘብ ለክር ቢውል ይሻላል።