ባዮሜዲካል ሳይንስ ለመማር ላሰባችሁ

ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ባዮሜዲካል ሳይንስ ሰውነት በጤናው ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲታመም ምን እንደሚለወጥ፣ ለውጡም በደም፣ በሽንት ወይም ከሰውነት ተቆርጦ በተወሰደ ናሙና ላይ እንዴት እንደሚታወቅ የሚያስተምር ዲግሪ ነው። የሕክምና መሣሪያዎችን ከሚነድፈውና ከሚጠግነው ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ይለያል። ሐኪምም አያደርግም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራ የሚያዘጋጀው ዲግሪ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ነው። እዚህ የማብራራው ግን የብሪታንያውን ነው፤ እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻቸው ስለመረጡት ስለዚህ ትምህርት ደጋግመው ይጠይቁኛልና።

ዓመታቱ

በእንግሊዝ 3 ዓመት፣ በስኮትላንድ 4 ዓመት ይፈጃል። በመሐል አንድ ዓመት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ገብቶ ለመሥራት የሚመርጥ ተማሪ አንድ ዓመት ይጨምራል። መጀመሪያ የሕዋስ ባዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂና ጄኔቲክስ ይመጣሉ። ቀጥሎ የደም ጥናት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኢሚዩኖሎጂ፣ ደም የመለገስና የመስጠት ሳይንስ፣ እንዲሁም ሕብረ ሕዋስን ቀጭን ቆርጦና ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት ይከተላል።

ባዮሎጂ ወድደው የሚገቡ ልጆች የሚደናቀፉት በኬሚስትሪና በስታትስቲክስ ነው። አንድ እጅ ናሙና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ፣ ከዚያ ላይ እንደገና አንድ እጅ ወስዶ፣ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ሲደግም ናሙናው አንድ ሺህኛ እንደሚቀጥን ሳያመነታ ማስላት ያልቻለ ተማሪ ብዙ ይቸገራል። ሒሳቡን ከመግባታችሁ በፊት አድሱ።

ቁጥርን መጠራጠር

የዚህ ትምህርት ልብ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ በምሳሌ ላስረዳ። ከአንድ ሕመምተኛ የተቀዳ ደም ተመርምሮ ፖታሲየሙ በሊትር 8 ሚሊሞል ሆኖ ተገኘ እንበል። ጤነኛ አዋቂ ሰው የሚኖረው ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ነው፤ 8 ልብን ሊያቆም የሚችል መጠን ነው። ያልሠለጠነ ሰው ቁጥሩን እንዳለ ይልካል። ሐኪሙም አምኖ ፖታሲየም የሚያወርድ መድኃኒት ያዝዛል። የሰውየው ፖታሲየም ድሮውኑ ደህና ከነበረ አደጋው የሚመጣው ከሕክምናው ይሆናል።

የሠለጠነው ባለሙያ ግን ከመላኩ በፊት የካልሲየሙን ውጤት ያያል። ካልሲየሙ ያለልክ ወርዶ ካገኘው ስለ ቱቦው ይጠይቃል። ክዳኑ ሐምራዊ በሆነው የደም ቱቦ ውስጥ ኢዲቲኤ የሚባል፣ ፖታሲየም ያለበት ጨው አለ። ይህ ጨው ካልሲየምን ይዞ ስለሚያስቀር ደሙ አይረጋም። ደም የቀዳው ሰው ከዚያ ቱቦ ጥቂት ወደ ሌላው ገልብጦ ከሆነ ፖታሲየሙ ይወጣል፣ ካልሲየሙ ይወርዳል። ሁለቱ ውጤቶች አብረው ሲነበቡ ስህተቱ ይታወቃል፤ ደሙም እንደገና ይቀዳል።

ስኳርም እንዲሁ ነው። ተቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ሰዓታት የቆየ ደም ውስጥ ሕዋሳቱ ስኳሩን እየበሉ ስለሚቀጥሉ የስኳር ሕመምተኛው ውጤት ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። ለዚህ ነው ለስኳር ምርመራ ፍሎራይድ ያለበት፣ ክዳኑ ግራጫ የሆነ ቱቦ የሚመረጠው። እንዲህ ያለውን ነገር በቃል መሸምደድ አይበቃም። ምክንያቱን ያወቀ ተማሪ መጽሐፍ ላይ ያልተጻፈ ስህተት ሲገጥመውም ያውቀዋል።

የመጨረሻው ዓመት ጥናት

ተማሪው ሊመረቅ ሲል የራሱን ጥያቄ ይዞ ምርምር ይሠራል። ጥሩ ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ ላልገባቸው ተማሪዎች የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ያየውን ወደ ላቦራቶሪ ወስዶ እንዶድ ገዳያቸው መሆኑን አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። በዚያ ወንዝ ብዙ ሰው አልፏል፤ እሱ ግን ያየውን ቆሞ ጠየቀ።

ዲግሪው ብቻውን ፈቃድ አይደለም

ብዙ ቤተሰብ ዘግይቶ የሚሰማው ይህን ነው። በብሪታንያ «ባዮሜዲካል ሳይንቲስት» የሚለው የሙያ መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው። በጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት ያልተመዘገበ ሰው በዚህ መጠሪያ ሊሠራ አይችልም። ለመመዝገብ የተለመደው መንገድ በባዮሜዲካል ሳይንስ ኢንስቲትዩት ዕውቅና ያገኘ ዲግሪ መያዝና ለሥልጠና በተፈቀደለት ላቦራቶሪ ውስጥ ተሠልጥኖ የብቃት ማስረጃ ማግኘት ነው። ዲግሪው ዕውቅና ከሌለው ተመራቂው ማስረጃውን አስገምግሞ የጎደሉትን ኮርሶች ጨምሮ እንዲማር ይደረጋል፤ ይህም ጊዜና ገንዘብ ይበላል። የሆስፒታሉን ዓመት የምመክረውም ሥልጠናው ሳይመረቁ ሊያልቅ ስለሚችል ነው። ደመወዝ የማይከፈልበት ቢሆን እንኳ ዋጋ አለው።

«ሕክምና ሳይሳካ ሲቀር»

ብዙዎች የሚመርጡት ሕክምና መግባት ሲያቅታቸው ነው። ከዲግሪ በኋላ ለተመራቂዎች የተዘጋጀ፣ ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት የሚፈጅ የሕክምና ትምህርት መኖሩ እውነት ነው፤ ፉክክሩ ግን እጅግ ከባድ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ሌላ በር ላይ ተክሎ የሚማር ልጅ ውጤቱም ይወርዳል፤ ያም በር ያለ ጥሩ ውጤት አይከፈትለትም። የላቦራቶሪ ሥራን የማይወድ ሰው ለዚህ ዲግሪ ባያመለክት እመርጣለሁ።

ከማመልከታችሁ በፊት

ለዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ጠይቁ፦ ትምህርቱ የኢንስቲትዩቱ ዕውቅና አለው ወይ? የሆስፒታል ዓመት አለው ወይ? ቦታውን ዩኒቨርሲቲው ያገኛል ወይስ ተማሪው ራሱ ነው የሚፈልገው? ወላጆችም የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ አትዩ። ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና የሌለው ዲግሪ ሊሰጥ ይችላል፤ ልጃችሁ ላቦራቶሪ መሥራት ከፈለገ ዕውቅና ያለውን ምረጡለት።