ቀላል የኤሌክትሪክ ስኩተር በአምቦ ብየዳ ቤት ይሠራል?

እንደሚታወቀው በከተሞቻችን የሰው የዕለት ጉዞ አጭር ነው። አምቦ ውስጥ ከገበያ እስከ ዩኒቨርሲቲ፣ ጊንጪ ውስጥ ከመናኸሪያ እስከ ሰፈር፣ ጌዶ ውስጥ ከአስፋልቱ እስከ ትምህርት ቤት ቢለካ ቢበዛ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ይህ ርቀት በእግር ያደክማል፤ በባጃጅ ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ ሲከፈል ለተማሪና ለደሞዝተኛ ኪስ ይከብዳል። በሌላው ዓለም ለዚህች ርቀት መልስ ሆኖ የተገኘው ቆመው የሚነዱት የኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። ስኩተር ስንል ባለ መቀመጫውን ቬስፓ ማለታችን አይደለም፤ ሁለት ትንንሽ ጎማ፣ የእግር መቆሚያ ጣውላና ረጅም መሪ ያለውን ነው። በዚህ ጽሑፍ ምኑን እዚሁ መሥራት እንደሚቻል፣ ምኑን መግዛት ግድ እንደሚሆንና ምኑ ላይ ቀልድ እንደሌለ ለማየት እንሞክራለን። ስሌቱ የሃይስኩል ፊዚክስ ስለሆነ አንባቢ እርሳስ ይዞ ሊከተለው ይችላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1915 ‹‹ኦቶፔድ›› የተባለ ባለ ሞተር ስኩተር ኒውዮርክ ውስጥ ለገበያ ቀርቦ ነበር። በዓመቱ ሌዲ ፍሎረንስ ኖርማን የተባሉ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉ እንግሊዛዊት ለንደን ላይ በዚሁ ቆመው ሲሄዱ የተነሱት ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል። ከዚያ ነገሩ ለረጅም ዘመን ተረሳ። መልሶ ያነሳው ዊም ኡቦተር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ዙሪክ ውስጥ አንድ ምሽት ቋሊማ አማረው፤ ቋሊማ ቤቱ ለእግር ራቀበት፣ መኪና ለማውጣት ደግሞ ቀረበበት። ከዚህች ችግር ተነስቶ ነው በእግር የሚገፋውን ስኩተር የሠራው። ሞተርና ሊቲየም ባትሪው የመጡት በኋላ ነው። የቻይናው ሺያኦሚ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ያወጣው ሞዴል 12.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ሞተሩ 250 ዋት ነው፣ በሰዓት እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ አንዴ ተሞልቶም 30 ኪሎ ሜትር ድረስ ያስኬዳል ተብሎለታል። ይህን እንደ መለኪያ እንያዘው።

ፋብሪካ ግን ግዴታ አይደለም። በምሥራቅ ኮንጎ የጎማ ከተማ ሰዎች ‹‹ቹኩዱ›› የሚሉትን የእንጨት ስኩተር በመጥረቢያና በመዶሻ ሠርተው ከሰል፣ ድንችና ማገዶ ይጭኑበታል፤ ከተማዋም ለዚህ ዕቃ ሐውልት አቁማለታለች። በእኛም አገር ከጣውላ ላይ ኩሽኔታ ገጥሞ ቁልቁለት ያልወረደ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። በነገራችን ላይ የመካኒኩ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቴና፣ ፍሬን ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። አምቦ ጋራዥ ውስጥ ወሬው በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ ኩሽኔታ ያው ኩሽኔታ ነው። ስለዚህ ስኩተሩን ለማሠራት አዲስ መዝገበ ቃላት አያስፈልገንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብዙ ሰው ስኩተር ልሥራ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን የት ድረስ ልሂድበት የሚለው ነው፤ ክብደቱን፣ ዋጋውንና አደጋውን የሚወስነው እሱ ነውና።

አንድ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቦርሳውንና ስኩተሩን ጨምሮ 75 ኪሎ ገደማ ይሆናል እንበል። ሜዳ በሆነ አስፋልት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የጎማው ሰበቃና ነፋሱ ተደምረው ወደ 20 ኒውተን ይይዙታል። የሞተሩን ብክነት ስንጨምርበት ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ7 እስከ 8 ዋት ሰዓት ይወጣል። ኮብልስቶን፣ ጠጠርና በየቦታው መቆም መነሳት ሲታከል 10 ዋት ሰዓት ብለን ብንይዝ አንሳሳትም። አሥር ኪሎ ሜትር ለመሄድ 100 ዋት ሰዓት ማለት ነው። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ ስለዚህ ምጣዱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚበላው መብራት አንድን ሰው አሥር ኪሎ ሜትር ያደርሳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ፣ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ይወራል። ወሬው ግን ሚሊዮን ብር ያለው ሰው ስለሚገዛው መኪና ነው። በሁለት ደቂቃ የምጣድ መብራት ስለሚሄደው ነገር የሚያወራ የለም።

ወደ ባትሪው እንግባ። በከተሞቻችን በቀላሉ የሚገኘው ኮምፒውተር ቤቶች ዩ.ፒ.ኤስ. ውስጥ የሚያስገቡት ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ነው። ሦስቱን በተከታታይ ብናያይዝ 36 ቮልት ይሰጡናል፤ በወረቀት ላይ 252 ዋት ሰዓት ነው። ክብደታቸው ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል። ችግሩ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ የምንጠቀመው 125 ያህሉን ብቻ ነው፤ እሱም 12 ኪሎ ሜትር ነው። ከአምቦ ጉደር ያደርሳል፣ አይመልስም።

ሁለተኛው ምርጫ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚገኙት ክብ የሊቲየም ሴሎች ናቸው። የእያንዳንዱ ክብደት 45 ግራም ገደማ ነው፤ ጤነኛ ከሆነ 8 ወይም 9 ዋት ሰዓት ይይዛል። አሥሩ በተከታታይ፣ ሦስት ሦስቱ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 30 ሴል፣ 36 ቮልት፣ 270 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናሉ። ማቀፊያውን ጨምሮ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ከእርሳሱ ተመሳሳይ የጉዞ አቅም ለማግኘት ብንፈልግ 14 ኪሎ ያህል ልንሸከም ነው። ‹‹ቀላል›› የሚለው ቃል በዚህ ዕቃ ላይ ትርጉም የሚያገኘው እዚህች ጋ ነው።

እና ሊቲየሙን እንውሰድ? እንውሰድ፤ ነገር ግን እንደ እሳት እንያዘው። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም፣ ከ3 ቮልት በታችም ባይወርድ ይመረጣል። ከተጣለ ላፕቶፕ የወጣ ሴል በመልቲሜትር ሲለካ ከ2.5 ቮልት በታች ከሆነ፣ ሽፋኑ ከተቀደደ፣ ዝገት ካለበት ወይም ቻርጅ ሲደረግ ከሞቀ ያለ ክርክር ይጣላል። ደካማና ጠንካራ ሴል አንድ ላይ አይታሰርም፤ ደካማው ቀድሞ ይሞላል፣ ቀድሞም ያልቃል፣ በመጨረሻም እሱ ነው የሚቃጠለው። ይህን የሚጠብቅ ‹‹ቢ.ኤም.ኤስ.›› የሚባል ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ አለ። ብር ለመቆጠብ እሱን መዝለል ከፍሬን ይልቅ ቀለም እንደመግዛት ነው። ሴል ለሴል የሚያያዘውም በኒኬል ቅጠልና በነጥብ ብየዳ እንጂ በብየዳ ብረት እየተጋለ አይደለም፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳል። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ በተነሳ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኛው እሳት ከኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስኩተር ባትሪ ጋር የተያያዘ ነበር። እነዚያ ሰዎች የሞቱት መንገድ ላይ ሳይሆን ቤታቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቻርጅ የሚደረገው ሰው ነቅቶ እያለ፣ ከአልጋና ከመውጫ በር ራቅ ብሎ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ባለ 2 አምፒር ቻርጀር ባዶውን በአራት ሰዓት ይሞላዋል። ዶርም ውስጥ፣ ስድስት ሰው በተኛበት፣ በፍጹም።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ ‹‹አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ 20 ሴል አይበቃም ወይ?›› ሊል ይችላል። ለርቀቱ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ነገሩን የሚያበላሸው ዳገቱ ነው። 250 ዋት ከ36 ቮልት ሲሳብ 7 አምፒር ያህል ነው። ሁለት ሁለት ሴል ጎን ለጎን ከሆኑ ለእያንዳንዱ 3.5 አምፒር ይደርሰዋል፤ ለአሮጌ የላፕቶፕ ሴል ይህ ብዙ ነው፣ ይሞቃል። ሦስት ሲሆኑ ወደ 2.3 ይወርዳል። አሮጌ ከሆነ 30፣ ለከፍተኛ ፍሰት የተሠራ አዲስ ሴል ከሆነ 20 ማለት ነው። ለምን በ12 ቮልት አይሠራም ለሚልም መልሱ ያው ነው፤ ፍሰቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ በሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ።

ዳገትን ካነሳን አይቀር አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ በዚህም የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ግድ የለውም። እንዲያውም ነፋሱ ስለሚሳሳ ትንሽ ይጠቀማል። ሆኖም መቶ ሜትር ሄዶ አምስት ሜትር የሚወጣ ዳገት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 160 ዋት ይፈልጋል፤ አሥር ሜትር የሚወጣ ከሆነ 280። ስለዚህ ባለ 250 ዋቱ ከባድ ዳገት ላይ ይለግማል፤ ወርዶ መግፋት ነው። 13 ኪሎ ሲሆን ይገፋል፣ ጭቃ ሲመጣም በአንድ እጅ ይነሳል። 25 ኪሎ የሆነውን ግን ሞክሩት።

ሞተሩን በተመለከተ ጋራዥ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለመጠቀም መጓጓት ያለ ነው። የመኪና ሞተሪኖ ከባድ ነው፣ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ የተሠራ ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒርም ይጠጣል። የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ደግሞ ሰው አይሸከምም። ጎማው ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በደቂቃ 350 ጊዜ ያህል ይዞራል። በደቂቃ 3,000 የሚዞር ሞተር ካገኘን ከስምንት እጥፍ በላይ ማቀዝቀዝ ሊኖርብን ነው፤ በአንድ ካቴና ይህን ማድረግ ይቸግራል። የሚሻለው ጎማው ውስጥ የተቀበረውን ሞተር ከነመቆጣጠሪያው መግዛት ነው። ክብደቱ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ነው። ከውጭ የሚመጣው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሞተር፣ መቆጣጠሪያ፣ ቢ.ኤም.ኤስ.፣ ቻርጀርና እንደ ሁኔታው ሴል።

የቀረው የብየዳ ቤትና የእንጨት ቤት ሥራ ነው። አሉሚኒየም ከብረት ሦስት ጊዜ ያህል ይቀላል፤ ሆኖም በየመንደሩ ባለው የኤሌክትሮድ ብየዳ ስስ አሉሚኒየም አይበየድም፣ ይቀልጣል። ስለዚህ 40 በ20 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አር.ኤች.ኤስ. ብረት ይሻላል፤ አንዱ ሜትር 1.3 ኪሎ ስለሆነ ሁለት ሜትር ተኩሉ ከ3.5 ኪሎ አያልፍም። መቆሚያው የዋንዛ ጣውላ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዋንዛ ቀላል ነው፣ ቶሎም አይሰነጠቅም። 70 በ16 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። አንገቱን፣ ፎርኬታውን፣ መሪውንና የፍሬን እጀታውን ከተጣለ ብስክሌት መውሰድ ብዙ ያሳርፋል፤ አንገት ላይ ኩሽኔታ ማስተካከል ለጀማሪ በያጅ ከባድ ነውና። አንገቱ ከመቆሚያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ የሰው ክብደት ሁሉ የሚወርድበት ስለሆነ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ተጨምሮበት ይበየዳል። ሁሉም ሲደመር 13 ኪሎ አካባቢ ይመጣል፤ ከሺያኦሚው ብዙም አይርቅም። ለክረምቱ ደግሞ ባትሪውና መቆጣጠሪያው ከጣውላው ሥር ጎማ በተገጠመበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ወደ ታች ይሁን።

ጎማው ላይ የፋብሪካውን መኮረጅ አያስፈልግም። የእነሱ ትንሽ ጎማ ለተስተካከለ መንገድ ነው። እኛ ጋ ኮብልስቶን አለ፣ ክዳኑ የተነሳ ቦይ አለ፣ የጋሪ ፈረስ የተወው ነገር አለ። የቆመ ሰው ክብደቱ ከላይ ስለሆነ የፊቱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። የልጆች ብስክሌት ባለ 12 ኢንች፣ ከመነዳሪ ያለው ጎማ ይሻላል፤ ቢተነፍስም ማንኛውም ጎሚስታ ይለጥፈዋል።

ስለ ጉደር አንድ ነገር ማለት ይገባል። በ30 ሴል ደርሶ መመለሱ፣ 24 ኪሎ ሜትሩ፣ መንገዱ ሜዳ ቢሆን በስሌት ለጥቂት ይቻላል። ቢቻልም መሄድ የለበትም። ያ መስመር ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚያልፈው አስፋልት ነው፤ አይሱዙውም ሲኖትራኩም አውቶቡሱም የሚገሰግስበት። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቋሚ ሰው ለእነሱ አይታይም። ርቀቱን መጀመሪያ ወስኑ ያልነው ለባትሪው ብቻ አልነበረም።

በከተማ ውስጥም ቢሆን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት በዚያች ሴኮንድ 5.5 ሜትር ይሄዳል፤ ደህና ፍሬን ካለው ለመቆም ሌላ 5 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱን እጥፍ ቢያደርገው የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፊትም ኋላም ፍሬን ይገጠማል፤ በእግር የኋላውን ጎማ መርገጥ ዝናብ ሲዘንብ ፍሬን አይባልም። ሙከራውም ሞተሩ ኃይል ሳያገኝ በፊት ነው የሚደረገው፤ ሄልሜት ተደርጎ፣ ሰውና ባጃጅ የሌለበት ለስለስ ያለ ቁልቁለት ተፈልጎ፣ መሬት ላይ በኖራ መስመር ተሰምሮ። ከመስመሩ ላይ ፍሬን ተይዞ ከአምስት ስድስት ሜትር በላይ ከተንሸራተተ ወደ ብየዳ ቤት ይመለሳል፤ ባትሪው ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።