የኋላው በር ስንት ይሸከማል?



የዛሬው ትምህርታችን ከመኪና በስተኋላ ስለሚንጠለጠል ጭነት ነው። ነገሩ ለሾፌርና ለመካኒክ ብቻ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን በላስታ ተራሮች በሚካሄደው ሥራ መኪናው ዘር ያመላልሳል፣ መድኃኒት ያደርሳል፣ በሽተኛ ያነሣል። ስለዚህ ዕቃ የሚጭነው ሠራተኛም፣ «ይህችን አድርሱልን» ብሎ አደራ የሚሰጠው የጉባኤ አባልም ይህን ትምህርት ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ሀ. ጥያቄው ከየት መጣ?

ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን ዳገት የወጣ መኪና ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከዚያ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ላሊበላ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ የታወቀ መንገድ ነው። ከላሊበላ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲሄድ ግን፣ በተለይ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ ድንጋዩና ፈፋው ይበዛል። በእንዲህ ያለው መንገድ አካፋ፣ ገመድ፣ ክሪክና ውኃ ሳይዝ የሚወጣ ሾፌር ብልህ አይባልም።

ችግሩ የቦታ ነው። የመኪናው ውስጥ በሰውና በጆንያ ሞልቷል፤ ፖርቶመጋላውም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ዓይናችን ከኋላ በር ላይ በተሰቀለው ስኮርታ ላይ ያርፋል። «ከስኮርታው ማሰሪያ ላይ ትንሽ ብረት ብንጨምርበት ሁለት ጀሪካን፣ ክሪክና አካፋ ይይዝልን ነበር» እንላለን። አሳቡ መጥፎ አይደለም፤ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው። ነገር ግን ልክ አለው። ልኩን ያላወቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከራሴ ስሕተት ልንገራችሁ።

ለ. አንድ የክረምት ቀን

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔው ባዘዝሁት መሠረት በፕሮጀክታችን መኪና የኋላ በር ላይ የብረት መስቀያ ተበየደ። በግራና በቀኝ ሁለት ሙሉ ጀሪካን፣ ከላይ ረጅሙ ክሪክ፣ በጎን አካፋና ዶማ ተሰቀለበት። እጅግ ደስ አለኝ። የመኪናው ውስጥ ሰፋ፤ ዕቃውም ሁሉ በእጅ የሚደረስበት ሆነ። ማንም ሚዛን ላይ አላወጣውም።

ሁለት ወር ያህል ከሄድን በኋላ ከአይና ቡግና ወደ ላሊበላ ስንመለስ ከኋላ የመንቋቋት ድምፅ ሰማን። ወርደን ብናይ የላይኛው ማጠፊያ የተያዘበት ላሜራ ተሰንጥቆ በሩ አዘንብሏል። ዕቃውን አውርደን በሩን ከመኪናው አካል ጋር በገመድ ጠፍረን አሰርነውና ቀስ ብለን ጉዞ ጀመርን። ብልሃት የሠራን መስሎን ነበር።

ብዙም ሳንርቅ ሰዎች እየሮጡ መጡ። ምጥ የጠናባትን እናት በቃሬዛ ተሸክመው ከተራራው ወርደው መንገድ ዳር ደርሰዋል። ቃሬዛ የሚገባው በኋላ በር ነው። የእኛ በር ደግሞ በገመድ ተጠፍሯል፤ ቋጠሮው በዝናብ ርሶ ጠብቋል። ገመዱን በቢላዋ ቆርጠን፣ የተሰበረውን በር አራት ሰው ደግፎ፣ ቃሬዛውን እስክናስገባ ድረስ ያለፈው ጊዜ ለእኔ እጅግ ረጅም ነበር። ሴትዮዋ ከሐኪም ቤት በጊዜ ደርሳ እርስዋም ሕፃኑም ተረፉ። ነገር ግን የባለቤትዋ ዓይን፣ መኪናው መጥቶ ሳለ በሩ አልከፈት ሲል ያየበት ዓይን፣ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ከዚያን ቀን ወዲህ የተማርሁት አንድ ነገር ነው፤ የኋላ በር ከሁሉ በፊት በር ነው። መደርደሪያ የሚሆነው በርነቱን እስካልነካበት ድረስ ብቻ ነው።

ሐ. ክብደት ከኋላ ሲሆን ለምን ይበዛል?

ይህን የላስታ ገበሬ ያለ ትምህርት ቤት ያውቀዋል። አህያ ሲጭን ጭነቱን በግራና በቀኝ ያመዛዝናል፤ ዳገት ላይ ጭነቱ ወደ ዳሌዋ እንዳይሸሽ በጠፍር ይይዘዋል። ያው ጭነት ከመሐል ጀርባዋ ላይ ሲሆን ትሄዳለች፤ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ትቆማለች። ክብደቱ አልጨመረም፤ ቦታው ነው የተለወጠው።

መኪናም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል 3 ሜትር ያህል ርቀት ያለውን ላንድክሩዘር እንውሰድ። ከኋለኛው ጎማ 1 ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ርቆ 60 ኪሎ ቢሰቀልበት፣ በኋለኛው ጎማ ላይ የሚጨመረው 60 ኪሎ ብቻ አይደለም፤ 90 ኪሎ ነው። ትርፉ 30 ኪሎ የመጣው ከፊት ተነሥቶ ነው። ስለዚህ የኋላ ባሌስትራ ይጎብጣል፣ የፊት ጎማ መሬቱን በደንብ አይጨብጥም፣ መሪ ይቀላል፣ የሌሊት መብራትም ወደ ላይ አቅንቶ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

በማጠፊያው ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ከማጠፊያው 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ 40 ኪሎ ቢጨመርና የላይኛውና የታችኛው ማጠፊያ በ60 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ በሩ በተከፈተ ጊዜ የላይኛው ማጠፊያ በ40 ኪሎ ኃይል ወደ ውጭ ይሳባል፤ የታችኛው በዚያው ልክ ወደ ውስጥ ይገፋል። ይህ ስኮርታው ራሱ ከሚያሳድረው ጫና በላይ የሚመጣ ነው። መኪናው ፈፋ ውስጥ ሲዘል ደግሞ ኃይሉ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ላሜራ በአንድ ቀን አይቀደድም፤ በሺህ ጊዜ ንዝረት ይደክማል።

መ. ዕቃችንን እንመዝን

ከገበያ ሚዛን ተውሰን እያንዳንዱን ዕቃ ብንመዝን ብዙ እንማራለን። ሃያ ሊትር ናፍጣ ብቻውን 17 ኪሎ ያህል ነው፤ ከብረት ጀሪካኑ ጋር ከ20 ኪሎ ያልፋል። ሃያ ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ጀሪካኑ ሳይቆጠር። ረጅሙ ክሪክ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የ16 ቁጥር ስኮርታ ከነቸርኬው 35 ኪሎ ያህል ነው። እንግዲህ ሁለት ጀሪካንና አንድ ክሪክ የሰቀለ ሰው በሩ ላይ ሁለተኛ ስኮርታ ብቻ ሳይሆን ከዚያ የበለጠ ሰቅሏል ማለት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሥርዓት እንያዝ።

አንደኛ፤ ከባድ ነገር ሁሉ፣ ማለት ውኃ፣ ክሪክና የመፍቻ ሣጥን፣ ከመኪናው ወለል ላይ፣ ከኋለኛው ጎማ ወደ ፊት ይቀመጥ፤ በቀበቶም ይታሰር።

ሁለተኛ፤ በስኮርታው ላይ የሚሰቀለው ቀላልና ቆሻሻ የሆነው ነው፤ አካፋ፣ ዶማ፣ ጭቃ የነካው ገመድ፣ ባዶ ጀሪካን፣ የጭቃ ቦት ጫማ። ሁሉም ተደምሮ ከ10 ኪሎ ባይበልጥ መልካም ነው።

ሦስተኛ፤ ነዳጅ ከኋላ አይሰቀል። ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢገጭ መጀመሪያ የሚመታው ጀሪካኑን ነው። ደግሞም ከወልድያ ወይም ከቆቦ ጢም ብሎ የተሞላ ጀሪካን ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ ያብጣል፤ ክዳኑም ያፈሳል። በውኑስ ያስፈልጋልን? ሁለት ታንክ ያለው ረጅሙ ላንድክሩዘር 180 ሊትር ይይዛል። ከወልድያ ላሊበላ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ታንኩን ሞልቶ የተነሣ መኪና ደርሶ መልስ በበቂ ይሄዳል። ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ የግድ ከሆነ በጥሩ የብረት ጀሪካን፣ ከአፉ በታች ባዶ ቦታ ተትቶለት፣ በፖርቶመጋላው ላይ ቀጥ ብሎ ይታሰር። ቢጫው የዘይት ጀሪካን ለነዳጅ አይሁን፤ ነዳጅ የነካውም ዳግመኛ የመጠጥ ውኃ አይቀዳበት።

ሠ. መስቀያው እንዴት ይሠራ?

መስቀያ ማሠራት የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው።

የመጀመሪያውና ቀላሉ በነበረው የስኮርታ ማሰሪያ መጠቀም ነው። ከስኮርታው ቸርኬ ጋር የሚገጥም ጠፍጣፋ ብረት ተቆርጦ ስኮርታው በሚታሰርበት ብሎን ይያዛል፤ ከዚያም ለአካፋና ለገመድ የሚሆን ቀጭን ክንድ ይወጣለታል። ብሎኑ ከተጨመረው ብረት ውፍረት ጋር ካልተመጣጠነ ረዘም ባለ ይለወጥ፤ ሮንዴላም ይግባበት፤ ዳዶውም በንዝረት የማይፈታ ዓይነት ይሁን። በበሩ ላሜራ ላይ መበየድ ግን አይገባም። የብየዳ እሳት ስሱን ላሜራ ያደክመዋል፤ ስንጥቁም ከዚያው ይጀምራል።

ሁለተኛው መንገድ ስኮርታውን ከበሩ ላይ አንሥቶ ለብቻው በሚከፈት ክንድ ላይ ማሳረፍ ነው። ክንዱ የሚያያዘው ከሻሲው ጋር በታሰረ ወፍራም የኋላ ፓራውልት ላይ ስለሆነ የበሩ ማጠፊያ ያርፋል። ብዙዎቹ የድሮ 40 ቁጥር ላንድክሩዘሮች፣ በጃፓን ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የተሠሩት፣ ስኮርታቸውን የሚይዙት በእንዲህ ያለ ክንድ ነበር። ይህ የበለጠ ይሸከማል፤ ወጪውም የበለጠ ነው። ነገር ግን ክብደቱ አሁንም ከኋለኛው ጎማ ወደ ኋላ ስለሆነ ከላይ ያየነው ስሌት አይቀርም። በሩን ለመክፈትም አስቀድሞ ክንዱን መክፈት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መቆለፊያው በአንድ እጅ የሚላቀቅ ይሁን።

በሁለቱም መንገድ የሚከተሉት አይዘንጉ።

1. ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ስኮርታው ይውረድ። ነፋስ ያለበት ጎማ በተገጠመበት ቸርኬ ላይ ወይም አጠገብ መበየድ ጎማውን አፈንድቶ ሰው ይገድላል። የባትሪው ገመድም ይፈታ።

2. የኋላ መብራት፣ ፍሬቻና ታርጋ አይሸፈኑ። ምንም ነገር ከመኪናው ጎን አልፎ አይውጣ፤ ወደ ታችም አይንጠልጠል፤ ፈፋ ሲሻገር መሬት ይመታልና።

3. በትራፓኖ የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ ቀለም ይቀባ። ብረት ከብረት በሚነካካበት ቦታ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይግባ።

4. በሩ ተከፍቶ ሲቆም የሚይዘው ነገር ይኑር። ዳገት ላይ የከበደ በር በራሱ ተመልሶ እጅ ይሰብራል።

ረ. የየሳምንቱ ምርመራ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ችኩል ሥራ በመንገድ ላይ ይገለጣል። አዲስ መስቀያ ከተገጠመ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኑ ሁሉ እንደገና ይጥበቅ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በሩን እስከ ግማሽ ከፍቶ ጫፉን በሁለት እጅ ወደ ላይ ማንሣት ነው። ቢላወስ ማጠፊያው ላልቷል ማለት ነው። በማጠፊያው ዙሪያ ያለው አቧራ ተጠርጎ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ መኖሩ ይታይ። ስንጥቅ ከተገኘ ዕቃው ያን ዕለት ይውረድ፤ ነገ አይባልም።

ሰ. ለጉባኤዎች አንድ ቃል

ሾፌሩ አደራ አልቀበልም ሲል ብዙ ጊዜ እንቀየመዋለን። አንዱ ጆንያ ጤፍ፣ አንዱ ወንበር፣ አንዱ የማር ጋን ይልካል፤ የእያንዳንዱ ትንሽ ናት፤ ድምሯ ግን ትንሽ አይደለችም። ውስጡ ሲሞላ የሚተርፈው ሁሉ ወደ ኋላ በር ይሄዳል። ስለዚህ «ቦታ የለም» የሚለንን ሰው እናመስግነው። እርሱ የሚጠብቀው ያ ባዶ ቦታ ከተራራው በቃሬዛ ለሚወርድ ሰው ነው።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመኪናችን የኋላ በር ላይ ዛሬ ምን ተሰቅሏል? በሚዛን ስንት ይሆናል?

2. ከእነዚህ ዕቃዎች ባለፈው ወር ያልተነካው የትኛው ነው? ለምንስ እንሸከመዋለን?

3. አሁን በዚህ ሰዓት ቃሬዛ ቢመጣ በሩን ከፍተን በስንት ደቂቃ እናስገባለን? በሰዓት ሞክሩት።

4. አደራ ዕቃ መቀበልን በተመለከተ ሾፌሩ ብቻውን እንዳይወቀስ ምን ደንብ እናውጣ?

ውይይቱን ከመኪናው አጠገብ ቆማችሁ ብታደርጉት ይሻላል። ስትጨርሱም በሩን አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት።