ሕፃንን በፖፖ መጸዳዳት ስለ ማስለመድ

ሕፃንን በፖፖ ማስለመድ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የወላጅን ትዕግሥት የሚፈታተን ሥራ ነው። «እንቢ ያለው ልጅ ይቀጣን?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን፣ አይቀጣ የሚል ነው።

ልጅ ለዚህ ትምህርት የሚበቃው ብዙውን ጊዜ ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ልብሱን ሳያረጥብ ከቆየና ሽንቱ መምጣቱን በቃል ወይም በምልክት ካስታወቀ ጊዜው ደርሷል። ምግብ እንደ በላ 5 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፤ ቢሆንለት ይመስገን፤ ባይሆንለት ያለ ቍጣ ይነሣ። በደሴ ብርድ ፖፖው ከቤት ውስጥ ሞቅ ባለ ስፍራ ይኑር፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ግን ልጁ ያለ ሱሪ ሊለማመድ ይችላል።

የተገረፈ ልጅ ፈርቶ ዓይነ ምድሩን ይይዛል፤ የተያዘውም ይደርቃል፤ ሲወጣ ያመዋል፤ ሕመሙም ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ወይም ከቤት ጀርባ ተደብቆ ይጸዳዳል።

የሕፃን ዓይነ ምድር ጉዳት የለውም ማለት ስሕተት ነው። በሜዳ ሲቀር ትራኮማን የሚያዛምቱ ዝንቦች ይራቡበታል፤ ከደሴም ጎርፍ ጠርጎ ወደ ቦርከና፣ ቦርከናም ወደ ኮምቦልቻ ያወርደዋል። ስለዚህ ፖፖው ወደ ሽንት ቤት ይደፋ፤ ወላጅም ልጅም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ ወላጆች እንድታስረዱ እናሳስባለን።