መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ ቪትዝ መኪና አለኝ። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሬዲዮውም ይሠራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ባትሪው ደህና ስለሆነ ሞተሪኖውን ልቀይር?

መልስ፦ ገና ምንም አይግዙ። ሬዲዮ መሥራቱ ባትሪው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሬዲዮና መብራት የሚፈልጉት ጥቂት አምፔር ነው፤ ሞተሪኖ ግን ሞተሩን ለማዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል።

የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ያዙሩና ያዳምጡ። ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ እያለ መብራቱ ከደበዘዘ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ማሰሪያው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ መጀመሪያ ያስጸዱት፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ነው አዲስ ባትሪ የሚገዛው። ከዚያ ባትሪውን በመልቲሜትር ያስለኩት። ሙሉ የሆነ ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ጥርጣሬው ባትሪው ላይ ነው።

መብራቱ ሳይደበዝዝ አንዴ ብቻ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ፣ ያኔ ሞተሪኖውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፍሬን ረግጠው ማርሹን ከፒ ወደ ኤን ያድርጉና ይሞክሩ፤ በኤን ከተነሳ ችግሩ የማርሹን ቦታ የሚያነበው ስዊች ላይ ነው። ሞተሩ እየዞረ እምቢ የሚል ከሆነ ደግሞ ነዳጁንና የካንዴላውን እሳት ያስፈትሹ።

አደራ፣ ቁልፉን አዙረው ለረጅም ጊዜ አይያዙ፤ ሞተሪኖው ይቃጠላል። አውቶማቲክ መኪና ተገፍቶ ስለማይነሳም የሰፈር ሰው ለግፊያ አያድክሙ፤ በኬብል ከሌላ መኪና ባትሪ ያስነሱት።