ጥልፍ ማሠራትም ውል ነው



ዒድ ሲቃረብ ወይም የሠርግ ወቅት ሲገባ በድሬዳዋ የልብስ ሰፊዎችና የጥልፍ ሠሪዎች መኪና ዕረፍት የለውም። አንዱ ኮፊያው ላይ ስሙን ያስጠልፋል፤ ሌላዋ ለሙሽራ ልጇ የአልጋና የትራስ ልብስ ታዛለች፤ የሐረሪ እናቶች ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥልፍ ያለውን ሱሪ ያሠራሉ። ሙያው ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በጎረቤታችን በሐረር የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የተነሳ «መኪና ግርግር» ተብሎ እስከመጠራት ደርሷል።

ይሁን እንጂ ይህ መልካም ሙያ ሰውና ሰውን ሲያጣላ ይታያል። እንበልና አንዲት እናት ቀብድ ከፍላ አረንጓዴ ጥልፍ አዘዘች። በቀጠሮው ቀን ሥራው አላለቀም። ሲያልቅም ቀለሙ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ በሙሽራይቱ ስም ላይም አንድ ፊደል ተሳስቷል። ሠሪው «እንዲህ ነው ያሉኝ» ይላል፤ እርሷም «አላልኩም» ትላለች። ምስክር የለ፣ ጽሑፍ የለ። ስም የተጠለፈበት ዕቃ ለሌላ ገዢ አይሸጥም፤ ጥልፉ ቢፈታም የመርፌው ቀዳዳ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ኪሳራው ከሁለቱ በአንዱ ላይ መውደቁ የማይቀር ነው።

ለመሆኑ ሸሪዓ በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ያስተምረናል?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለነገሥታት ደብዳቤ ሊልኩ ባሰቡ ጊዜ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነገራቸው። በዚህም ምክንያት የብር ቀለበት አሠርተው «ሙሐመድ ረሱሉላህ» የሚለውን በሦስት መስመር አስቀረጹበት። ዑለማዎች በትእዛዝ ማሠራት የተፈቀደ ለመሆኑ ከሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው።

በፊቅህ ሁለት ሁኔታዎች ይለያያሉ። ጨርቁን አሠሪው ካመጣ የሚከፍለው ለሠሪው ሙያና ጉልበት ስለሆነ ውሉ ኢጃራ ነው። ሠሪውም በቸልተኝነት ጨርቁን ካበላሸ ይተካል። ጨርቁም ክሩም የሠሪው ከሆነ ግን ኢስቲስናዕ ይባላል። ይህን ራሱን የቻለ ውል አድርገው የተቀበሉት የሐነፊ መዝሀብ ዑለማዎች ናቸው። በእኛ አካባቢ የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ ጉዳዩን በሰለም ደንብ ያየዋል፤ በዚያ ደንብ ዋጋው ሙሉ በሙሉ ውሉ በተደረገበት ቦታ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ደግሞ የሥራው ዓይነት፣ መጠን፣ መልክና የማስረከቢያው ጊዜ ከታወቀ ኢስቲስናዕ ሁለቱንም ወገን የሚያስገድድ ውል መሆኑን፣ ዋጋውንም በየጊዜው መክፈል እንደሚቻል ወስኗል።

እንግዲህ ከዚህ ተነስተን በሥራ ላይ ልናውለው የሚገባን የሚከተለው ነው።

1ኛ/ የሚጠለፈውን ስም አሠሪው ራሱ በወረቀት ይጻፍ። በዐረብኛና በአማርኛ ከሆነ ሁለቱንም ይጻፍ።

2ኛ/ የተመረጠው ክር ቁራጭ ከወረቀቱ ጋር ይያያዝ። «አረንጓዴ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አረንጓዴ ብዙ ነውና። ደማቅ ክር ቀለሙን እንዳይለቅም አስቀድሞ በውሃ ይፈተን።

3ኛ/ ጨርቁ የማን እንደሆነ፣ ዋጋው፣ ቀብዱና የማስረከቢያው ቀን ተጽፎ አንዱ ቅጂ በአሠሪው፣ አንዱ በሠሪው እጅ ይቀመጥ።

ይህ አለመተማመን አይደለም። የአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛ አንቀጽ ጊዜ የተወሰነለት ዕዳ እንዲጻፍ የምታዘው በምእመናን መካከል ነው።

ሠሪ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ለአምስት ሰው የሚበቃ ጊዜ ይዞ ከአሥር ሰው ቀብድ መቀበል ቃልን ማፍረስ ነው። «ኢንሻአላህ ይደርሳል» የሚለው ቃል የቁርጥ ሐሳብ ማጽኛ እንጂ ማምለጫ አይደለም። አሠሪዎችም ብንሆን ስማችንን አስጠልፈን ሳንወስድ ስንቀር የሠሪውን ላብ በከንቱ እያስቀረን መሆኑን እንወቅ።

አላሁ አዕለም።