የተበከለ የከተማ መሬት እንዴት ያገግማል?

በከተማ መካከል ታጥሮ የተቀመጠ ባዶ ቦታ ሁሉ ባዶ አይደለም። ትናንት ጋራዥ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ቆዳ ፋብሪካ ወይም ቆሻሻ መጣያ የነበረ መሬት፣ ሕንፃው ፈርሶ ሣር ቢበቅልበትም፣ የተቃጠለ ዘይት፣ እርሳስ ወይም ክሮሚየም በአፈሩ ውስጥ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከተሞች ሲሰፉና መሬት ሲወደድ ግን እንዲህ ያለውን ቦታ መልሶ ማልማት ግድ ይሆናል። ታዲያ ያለ ሥጋት ቤት ሊሠራበት የሚችለው መቼ ነው?

በአገራችን ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ በአዲስ አበባ የሚገኘው ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው ሥፍራ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የከተማዋ ቆሻሻ ሲከመርበት ኖረ፤ ሲጀመር ከከተማ ውጭ የነበረው ቦታም ውሎ አድሮ በመኖሪያ ቤቶች ተከበበ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰንዳፋ ማስወገጃ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በዚያው ዓመት ሲቋረጥ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ።

በክምሩ ውስጥ የሚካሄደው ሂደት ምንድን ነው? አየር በማይደርስበት ጥልቀት ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያፈርሱ ተቀጣጣዩ ሚቴን ጋዝ ይፈጠራል። የዝናብ ውኃም በክምሩ ውስጥ ሰርጎ ሲወርድ ብረታ ብረትና ሌሎች ኬሚካሎችን አሟሙቶ ወደ ከርሠ ምድር ውኃ ይወስዳል። ከአደጋው በኋላ በቆሼ የተሞከረው፣ ከጃፓን የመጣው የፉኩኦካ ዘዴ፣ ቀዳዳ ባላቸው ቱቦዎች ፍሳሹን ያስወጣል፤ በዚያው መንገድም አየር ያስገባል። ስለዚህ የሚቴኑ መጠን ይቀንሳል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ በአጠገቡ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ መሬቱን ወዲያውኑ ለመኖሪያ ብቁ አያደርገውም፤ ክምሩ ለብዙ ዓመታት መስመጡንና ጋዝ መልቀቁን ይቀጥላልና።

የተበከለ ቦታ ሲጠና ሦስት ነገሮች ይፈተሻሉ፤ እነርሱም የብክለቱ ምንጭ፣ የሚጓዝበት መንገድና የሚጎዳው አካል ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተቋረጠ አደጋው ይገታል። ምንጩን ለማስወገድ አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ወይም ዘይት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ይበረታታሉ። መንገዱን ለመዝጋት መሬቱ ውኃ በማያሳልፍ ሸክላ አፈር ይሸፈናል። ተጎጂውን ለማራቅ ደግሞ ቦታው ከመኖሪያ ይልቅ ለሌላ አገልግሎት ይውላል። በአሜሪካ የሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1956 የሠራ የጋዝ ፋብሪካ ግቢ በ1975 የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፍቷል፤ የማጽዳቱ ሥራ ግን ከዚያ በኋላም ለዐሥርተ ዓመታት ቀጥሏል።

ጉዳዩ የትልልቅ ከተሞች ብቻ አይደለም። ግምጃ ቤትን በመሰሉ የአዊ ከተሞችም ጋራዦችና ማደያዎች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉም። የአዊ ደጋማ አፈር በአመዛኙ አሲዳማ መሆኑ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ እርሳስና ካድሚየም በአሲዳማ አፈር ይበልጥ ይሟሟሉ፣ ወደ ሰብልና ወደ ጉድጓድ ውኃም በቀላሉ ይደርሳሉ። አርሶ አደሩ ለማሳው የሚጠቀምበት ኖራ የእነዚህን ብረቶች እንቅስቃሴ ይገታል፤ ከአፈሩ ግን አያጠፋቸውም።

ስለዚህ በተተወ መሬት ላይ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ሁለት ተግባራት ይቅደሙ፤ የቦታውን ያለፈ ታሪክ ከሰነድና ከአካባቢው አረጋውያን መጠየቅ፣ ቀጥሎም የአፈሩንና የውኃውን ናሙና ማስመርመር። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ፣ ቤት ተሠርቶ ሰው ከገባ በኋላ ከሚመጣው ጉዳት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።